ለእንግዳ ክብር የተቆረጠው የእንጆሪ አጥር

ከጉዞዬ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም። እንግዲህ ከነትኩሳቱ ልጻፈው። ሆሳዕናንም አንጋጫንም አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማታዩ ብዙ ናችሁ። እኔም ብሆን ጡረታ ወጥቼ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ምን ቅብጥ አድርጎኝ እሄዳለሁ እል ነበር። የወሰደኝ እንጆሪ ነው።

እንጆሪ ስል ጁስ ቤት የምታውቁት ቀዩ አይደለም። ደጋ አገር አጥር ላይ የሚንጠላጠለውን፣ ሲበስል የሚጠቁረውን፣ ሊለቅመው የገባን እጅ የሚቧጥጠውን ነው የምላችሁ። ዕድሜ ልኬን አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከሁሉ የምወደው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈውን ግጥም ነበር። በነዚያ ግጥሞች ውስጥ ይሄ ጥቁር እንጆሪ ሞልቷል። ወይዛዝርቱ ጓንት አጥልቀው፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው ወደ አጥሩ ይወጣሉ፤ ቀሚሱ በእሾህ ይያዛል፤ ገጣሚው ያንን አይቶ ስንኝ ይደረድራል። ባርኔጣቸው ላይ ሳይቀር ከጥቁር ዶቃ የተሠራ እንጆሪ ይሰኩ ነበር። እዚያው አጥር ሥር ደግሞ የድሃ ልጆች አሉ። እነሱ የሚለቅሙት ለጌጥ አይደለም፤ ግማሹን በልተው ግማሹን ለገበያ ነው። መንገድ ዳር ያለ አጥር ፍሬው የአላፊ አግዳሚው ነው ይባል ነበር አሉ። በዚያ አገር ለድሃ በነፃ የተተወለት ነገር ያ ብቻ ይመስለኛል።

ዘሃራ ተማሪዬ ነበረች። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ሀድያ። አሁን አንጋጫ አጠገብ፣ ከምባታ ደጋ ላይ ባለ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ባሏ ሸምሱ ሆሳዕና ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ ትንሿ ልጃቸው ሐያት ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። ዘሃራ ልጇን የምታያት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፣ ያውም መንገዱ ከፈቀደ። ዘንድሮ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ እንግሊዝኛ መምህር ቦታ ተከፈተ። እሷም ከትምህርት ቢሮ በሚመጣ ሱፐርቫይዘር ፊት ሞዴል ክፍለ ጊዜ አስተምራ ጥሩ ነጥብ ካመጣች ጠቅልላ ቤቷ ትገባለች ተባለ። ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷ እዚያው ትቀራለች።

«ቲቸር፣ የእንጆሪውን ግጥም ላስተምር ነው» አለችኝ በስልክ። እስከ ዛሬ ቲቸር ነው የምትለኝ። «ክፍል ውስጥ አይደለም፤ እዚያው አጥሩ ሥር። የተከራየሁበት ግቢ አጥሩ በሙሉ እንጆሪ ነው፣ አሁን ጠቁሯል። እርስዎ መጥተው አጠገቤ ቢቆሙ ልቤ ይረጋልኛል።»

እንዲህ ተብሎ ደግሞ ማን ይቀራል።

ማክሰኞ ጠዋት አየር ጤና መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። ያ አንድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ፀሐይ ከትከሻዬ ወደ ጭኔ ወረደች። ሰው በጠራራ ፀሐይ ዓይን ዓይንህን እያየ ሲዋሽህ ምን ይባላል? እዚያ መናኸሪያ ውስጥ ግን ውሸት አይባልም፤ ሥራ ነው የሚባለው። ሲነሳ ደግሞ መስኮቱ አልዘጋ አለ። ቡታጅራ ልንደርስ ስንል ነፋሱ ኮፍያዬን ነጥቆ ማሳ ውስጥ ጣለው። ቁም አልኩ።

«ጋሼ፣ ኮፍያ ቡታጅራም ይሸጣል» አለኝ ረዳቱ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ሾፌሩም አልቆመም። ራሴን በእጄ ሸፍኜ፣ ወራቤን አልፌ፣ አቧራ ለብሼ ሆሳዕና ገባሁ።

ሆቴሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በሩ ላይ ፏፏቴ ሠርተዋል፤ ቀን ሙሉ ይንፎለፎላል። ክፍሌ ገብቼ ቧንቧውን ብከፍት ግን አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ወርጄ ስናገር እንግዳ ተቀባይዋ «ማታ ይመጣል» አለችኝ ፈገግ ብላ። ፏፏቴውንስ የሚሞላው ማን ነው ብዬ ልጠይቃት ስል ከኋላዬ አንድ ቀጭን ሰው ሻንጣዬን ብድግ አደረገው። ሌባ መስሎኝ እጁን ጨብጬ ያዝኩት።

«ሸምሱ ነኝ፣ የዘሃራ ባለቤት» አለኝ፤ እጁን እንኳ አላስለቀቀም። «ቤት እያለን ሆቴል ያድራሉ እንዴ ጋሼ? አሁን እኔ ሰው ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

እኔ አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር የምንተያየው ሰውዬ ስሜን አያውቀውም፤ እኔም የሱን አላውቅም። ሸምሱ አይቶኝ አያውቅም፤ ቤቱ ግን አልጋው ተነጥፎ ውሃው ሞቆ ጠብቆኛል። እናቱ አተካና ሠሩልኝ። በቅቤና በአይብ ያበደ የቡላ ምግብ ነው፤ ለወለደች ሴትና ለክቡር እንግዳ ይሠራል አሉኝ። ሐኪሜ ቅቤ ከልክሎኛል፤ ሐኪሜ ግን እዚያ አልነበረም። ሐያት ስበላ ስታየኝ ቆየችና መጥታ ጉልበቴን ያዘች።

«አባባ፣ እማዬን ልታመጣት ነው የመጣኸው?»

ሸምሱ ቀደም ብሎ መለሰላት። «ሐሙስ ፈተና አለባት። ካለፈች ጠቅልላ ትመጣለች አላልኩሽም?» ልጅቷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ትመጣለች የሚለውን ብቻ ነው። ዞራ ለአያቷ ስትነግር ሰማኋት።

ረቡዕ ሸምሱ ራሱ በመኪናው አንጋጫ ድረስ ወሰደኝ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለውን የሌሞ ሜዳ ስናቋርጥ ገብስ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች ወደ ከተማ ይጎርፋሉ። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት አጥር። እንዴት ያለ አጥር መሰላችሁ፤ ቁልቋል አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ አበባ የተጠመጠመበት አለ። እኛ ሰፈር አጥር ማለት ብሎኬት ነው፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ እንተክላለን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሽቦ እንጎትታለን። ሰው እንዳይገባ ሳይሆን ሰው እንዲደማ ነው የምንሠራው። ሳስተምር የኖርኩትን የእንግሊዝ ገጠር መንገድ በዓይኔ ያየሁት ሆሳዕና አንጋጫ መሀል ነው ብላችሁ አታምኑኝም።

ዘሃራ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ከስታለች። ሸምሱ ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ እኛ ሽቅብ በእግር ጀመርን፤ ቦርሳዬን ነጥቃ ይዛለች፣ አፏ አላረፈም። ተማሪዎቹን እንዴት እንደምትከፍላቸው፣ ግማሹ ባለጓንት ወይዛዝርት፣ ግማሹ ለቃሚ እንደሚሆን፣ ሁሉንም ነገረችኝ። «አባባ ኤርጃቦም ተስማምተዋል፤ የግቢው ባለቤት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ትልልቅ ሰዎች አጥርዎን ሊያዩ ይመጣሉ ስላቸው ደስታቸውን ቢያዩ!»

መታጠፊያውን ስናልፍ ዘሃራ ቆመች። ቦርሳዬ ከእጇ ወደቀ።

አጥሩ የለም። ከመንገዱ እስከ ግቢው ድረስ ሙልጭ ብሎ ተመንጥሯል። የቀረው በገጀራ የተመታ ጉቶ ነው፣ ነጭ ነጭ ሆኖ። መሬቱ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አምስት ስድስት ጎረቤቶች ገጀራቸውን በሣር እየወለወሉ ቆመዋል። መሀላቸው ረጅም ሽማግሌ ኮታቸውን ለብሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። አባባ ኤርጃቦ ነበሩ።

«እንኳን ደህና መጡ መምህር» አሉኝ። «እንዴት አዩት? ጠዋት ልጅቷ ስትወጣ ጀምረን አሁን ጨረስነው።»

ዘሃራን ባያት ፊቷ አመድ መስሏል። በሷ ፈንታ እኔ ጀመርኩ።

«ምን አደረጉ አባባ? ይሄን ነው እኮ ሊያዩ የሚመጡት! እሾሁን ነው! ፍሬውን ነው! የዚች ልጅ እንጀራ እዚህ ላይ ነበር የተንጠለጠለው፣ በገጀራ አወረዱት!»

ሽማግሌው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባቸው እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ መሬት መሬት ማየት ያዙ።

«መምህር» አሉኝ፣ «እኛ ዘንድ እሾህ የወረሰው አጥር ወንድ የሞተበት ቤት ነው። ወይ የሰነፍ ቤት ነው። መንግሥት አጥርህን ሊያይ ይመጣል ስባል እሾህ ላሳይ? ልብሱን ቢቀድበትስ? ለእንግዳ መንገድ ይጸዳል። አባቴም እንዲህ አድርጎ ነው ያስተማረኝ። ልጅቷን ላስከብራት ብዬ ጎረቤት ለመንኩ።»

አሁን ይሄን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ጥፋቱ የት ላይ ነው? ዘሃራ የሀድያ ልጅ ሆና፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረባት። እሱም አልጠየቀ፤ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፣ እንግዳ ምን ሊያይ እንደሚመጣ አይጠየቅም። ይሄ ሁሉ ገብቶኝም ንዴቴ አልወረደም። ስለቆረጡት ፍሬ፣ ስለ ገጀራው፣ ስለ ቄጠማው ሳይቀር አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። በዕድሜ ታላቄ የሆነን ሰው ገና ደጁን ሳልረግጥ ሰደብኩት ማለት ይቻላል።

ማታ ቆጮና ጎመን ቀረበ። እጅ ማስታጠቢያውን ይዘው የመጡት አባባ ኤርጃቦ ራሳቸው ናቸው፤ ልጆች እያሉ፣ ምራት እያለች። ውሃውን ቀስ አድርገው አፈሰሱልኝ። አፈርኩ፤ ግን እያፈርኩም ተናድጄ ነበር። ጎመኑ ይጣፍጣል፣ አይቡ ይጣፍጣል፣ እኔ እንደኮረፈ ልጅ አቀርቅሬ እጎርሳለሁ። «መምህር፣ ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም» እያሉ ከፊታቸው ያለውን ወደኔ ይገፉታል።

ሐሙስ ማለዳ ወደ ጓሮ ስወጣ ዘሃራ ቀድማኝ እንሰቱ መሀል ቆማለች። የተቆረጠው እንጆሪ እዚያ ተከምሯል፣ ሲደርቅ ሊቃጠል። ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ፍሬው ግን ጥቁር ጥቁር እንዳለ አለ።

«ቲቸር፣ ይሄንኑ አስተምራለሁ» አለች።

አባባ ኤርጃቦ ሰምተው መጡ። ክምሩን በባዶ እጃቸው ይጎትቱ ጀመር። ከዚያ ጎረቤቶቹ መጡ። ትናንት የቆረጡትን ዛሬ እየተሸከሙ መንገድ ዳር መለሱት፤ ጉቶው ላይ አስደግፈው አቆሙት። የሽማግሌው ክንድ እስከ ክርናቸው ተቧጭሯል። ጓንት የሚባል ነገር በዚያ ሰፈር አላየሁም።

ሱፐርቫይዘሩ በሞተር ብስክሌት መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል። ተማሪዎቹ ከበቡ። ዘሃራ ግማሾቹን ሴት ተማሪዎች እጃቸውን በጨርቅ አስጠቀለለቻቸው፣ ነጠላ እንደ ረጅም ቀሚስ አስታጠቀቻቸው፤ ሌሎቹን ባዶ እጃቸውን ወደ እሾሁ ላከቻቸው። ነጠላው ተያዘ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ለቃሚዎቹ ከንፈራቸው ጠቆረ። ግጥሙን በእንግሊዝኛ አነበቡት፣ መስመር በመስመር፣ በከምባታ ዜማ የሚወርድ እንግሊዝኛ። ከዚያ ዘሃራ ጠየቀች፤ ከሁለቱ ግጥሙን የጻፈው ማን ይመስላችኋል? አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጓንት ያጠለቀችው ናት» አለች በእንግሊዝኛ፣ «የሚለቅመው እጁ ሥራ ላይ ነው።» ስንት ዓመት ሳስተምረው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ሄጄ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ዘሃራ ሳቅ እያለች ወደኔ ዘወር አለች፤ አልፋለች ብዬ ልቤ ሞላ።

ሱፐርቫይዘሩ ይሄ ሁሉ ሲሆን ከአጥሩ ጫፍ ቆሞ እየቀጠፈ ይበላ ነበር። አንድ ሁለት አይደለም፤ ጨረሰው ማለት ይቀላል። ተማሪዎቹ ሲበተኑ እጁን በመሐረብ ጠረገ።

«ማስተማሩስ አይከፋም» አላት። «ግን ይሄ ምንድነው? የደረቀ እሾህ ነው። መርጃ መሣሪያ አይባልም። በባለቀለም ወረቀት ሥዕሉን አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ብትለጥፊ ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበር። ተማሪ ከክፍል አስወጥቶ እረኛ የሚበላውን ማስበላት ግን … በዚህ ነጥብ ሆሳዕና አይታሰብም። ለሚቀጥለው አሻሽዪ።»

እንደዚህ ነው ያላት፣ ከንፈሩ እንደ ቀለም ቀንድ ጠቁሮ።

«መጀመሪያ አፍህን ጥረግ!» አልኩት። «ትምህርቱን በልተህ ጨረስከው እኮ! ሥዕል ነው ያማረህ? እንጆሪው ፊትህ ቆሞ፣ ሆድህ ውስጥ ገብቶ፣ ሥዕሉን አሳዩኝ ትላለህ? እነዚህ ሰዎች ለክብርህ ብለው አጥራቸውን አውድመዋል፤ አንተ ቁጭ ብለህ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ አልጠጣህላቸውም!»

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። ስሜን ልነግረው አፌን ስከፍት ዘሃራ በመሀላችን ገባች። ስለ መምጣቱ አመሰገነችው፤ ሞተሩ ድረስ ሸኘችው። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እኔ ገና መጮኼ ነበር፤ ለበላይ አቤት እንላለን፣ አዲስ አበባ የማውቀው ሰው አለ፣ እንዲህ ብሎ ነገር የለም።

«ቲቸር፣ ይበቃል» አለችኝ።

«እንዴት ይበቃል? አንቺ አትናደጂም?»

«እርስዎ ነገ አዲስ አበባ ገብተው ይናደዳሉ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኔ በሚመጣው ወር እኚህኑ ሰውዬ በር ላይ ቆሜ እንደምን አደሩ ብዬ እቀበላቸዋለሁ። ንዴቱን የት ላስቀምጠው?»

አባባ ኤርጃቦ ከግቢው ወጥተው በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ ዓይናቸው ከፊቷ አይነሳም። እሷም በከምባትኛ መለሰችላቸው፣ ፈገግ ብላ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ከዚያ እኔንም መጥተው አቀፉኝ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት ሲርቁ።

«ተሳክቷል አልኳቸው። ታዲያ ምን ልበላቸው? እርስዎ ነዎት ያስቀሩኝ ልበላቸው?»

ይሄም አናደደኝ። ይሄ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ። ሰውየው በሞተሩ ሄደ፣ ሽማግሌው ተደስተው ገቡ፣ የሁሉንም ሸክም የተሸከመችው እሷ ብቻ ናት። ፊቷን ታጥባ ከሰዓት በኋላ ወዳላት ክፍል ሄደች።

ዓርብ ጠዋት አባባ ኤርጃቦ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ፣ ቦርሳዬንም አላስያዙኝም። ዘሃራ ክፍል ነበረባት። የአንጋጫው ሚኒባስ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ወሰደን፤ መንገዱን ሙሉ የሀምበሪቾ ተራራ በመስኮቱ ቢታየኝም ዓይኔን አልሞላውም። ለሸምሱ የምነግረውን ነበር የማሰላስለው። እሱ ግን ሌሊቱን በስልክ ሰምቷል።

ሆሳዕና መናኸሪያ ስወርድ ቆሞ አየሁት። ሐያት እጁን ይዛለች። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ ቀዩን። ሸምሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቤት ቅሪ ብላት እምቢ አለችኝ ጋሼ» አለኝ። «እማዬ ዛሬ ነው የምትመጣው ብላ ከጠዋት ጀምሮ ታለቅሳለች። ልነግራት አቃተኝ።»

ሐያት እኔን ሰላም አላለችኝም። አልፋኝ ሄዳ የሚኒባሱ በር ላይ ቆመች፤ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ታያለች። ጆንያ ወረደ፣ አሮጊት ወረዱ፣ ሁለት ወታደሮች ወረዱ። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ልጅቷ ዞራ አየችኝ።

«ሌላ መኪና አለ?»

ለሾፌር፣ ለረዳት፣ ለሽማግሌ፣ ለሱፐርቫይዘር ሁሉ አፍ ያለኝ ሰው የቦርሳዬን ማንገቻ ማስተካከል ያዝኩ። ሸምሱ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣት።

«አለ» አላት። «ከአንጋጫ የሚመጣ ሌላ መኪና አለ።»

የአዲስ አበባው መኪና ይጠራ ነበርና ተሳፈርኩ። በኋላ መስኮት ስመለከት ሁለቱ እዚያው ቆመዋል፣ እሷ ትከሻው ላይ ሆና በአንጋጫ በኩል የሚመጣውን መንገድ እያየች።